የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ በሞተር አካል ላይ ቀዳዳ መብሳትና ጥርስ ማውጣት

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ቢሆኑም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በሞተር አካል ላይ የተበላሸ የብሎን ቀዳዳ እንዴት እንደሚጠገን፣ አዲስ ጥርስም በታፕ፣ ማለትም በጥርስ ማውጫ መሣሪያ፣ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በአዳማ ከተማ በጋራዥ ሥራ የምተዳደር ነኝ። አንድ የናፍጣ ቶዮታ ሚኒባስ የዲናሞ መያዣው ብሎን ወድቆበት መጣ። ከብሎን ቤት የ10 ብሎን ገዝቼ ሳስገባው ሁለት ሦስት ዙር በእጄ ገባ፤ ከዚያ ስለከበደኝ በቁልፍ አጠበቅሁት። ጥቂት እንደሄደ በድንገት ላላ፤ ስፈታውም የቀዳዳው ጥርስ ተፍቆ ከብሎኑ ጋር ወጣ። የሥራ ባልደረባዬ «በ10 ፑንታ (መብሻ) አስፋውና የ12 ታፕ አስገባበት» ይለኛል። ልክ ነውን? አዲስ ብሎንስ ጥርስ የሚበላው ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ እንጀምር፤ የዚህ መልስ ከታወቀ ጉዳቱ በሌላ መኪና ላይ አይደገምምና። የገዙት ብሎንና ከሞተሩ የወደቀው ብሎን ውፍረታቸው እኩል 10 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የጥርሳቸው ርቀት አንድ አይደለም። የጃፓን መኪና አምራቾች በ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ በብዛት የሚጠቀሙት ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ 1.25 ሚሊ ሜትር የሚርቀውን ነው። በብሎን ቤቶች ለልዩ ልዩ ሥራ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚርቀው ነው። በእያንዳንዱ ዙር የ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚኖር ከሦስት ዙር በኋላ ልዩነቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ጥርስ ርቀት ግማሽ በላይ ነው። በእጅዎ የገባው እነዚያን የመጀመሪያ ዙሮች በብሎኑና በቀዳዳው መካከል ባለው ትንሽ ክፍተት ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ይገባ የነበረው የቀዳዳውን ጥርስ እየቆረጠ ነበር። የከበደዎትም ለዚህ ነው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንደኛው ምልክት የብሎኑ ራስ ነው። የቶዮታ የ10 ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ከገበያ የሚገዛው የ10 ብሎን ግን በ17 ወይም በ16 ቁልፍ ነው። በ8 ብሎንም እንዲሁ የቶዮታው 12 ቁልፍ ሲይዝ የገበያው 13 ይይዛል። የራሱ ልክ ካልተስማማ ጥርሱን መጠራጠር ይገባል። ሁለተኛው መንገድ በእጅ ያለን ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ብሎን፣ ለምሳሌ ከዚያው ሞተር ከሌላ ቦታ የተፈታውን፣ ከአዲሱ ብሎን ጋር ጎን ለጎን ጥርስ በጥርስ አጋጥሞ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ጥርሶቹ ከተግባቡ በመካከላቸው ብርሃን አያልፍም፤ ካልተግባቡ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጥርስ ጀምሮ ሲከፋፈቱ በግልጽ ይታያል። ሦስተኛው በካሊፐር ወይም በማስመሪያ አሥር የጥርስ ርቀቶችን በአንድነት መለካት ነው፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ከመጣ የ1.25፣ 15 ሚሊ ሜትር ከመጣ የ1.5 ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ምክር እንምጣ። ጥርስ የሚወጣበት ቀዳዳ ልክ የሚገኘው ከብሎኑ ውፍረት ላይ የጥርሱን ርቀት በመቀነስ ነው። ተራው የ12 ብሎን የጥርስ ርቀቱ 1.75 ስለሆነ ቀዳዳው 10.25 ገደማ መሆን አለበት፤ በፑንታ ስብስብ ውስጥ የሚገኘውም 10.2 ነው። የጃፓኑ የ12 ብሎን የጥርስ ርቀቱ 1.25 በመሆኑ ቀዳዳው 10.8 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በ10 ፑንታ የተበሳ ቀዳዳ ለመጀመሪያው ጠባብ ነው፤ ታፑ ከመጠን በላይ ይከብዳል። ለሁለተኛው ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ታፑ ማስወገድ የሚኖርበት ብረት ከጥርሱ ቁመት ስለሚበልጥ ወይ ይቆለፋል ወይ ይሰበራል። «ጠበብ ያለ ቀዳዳ ጥርሱን ያጠነክራል» የሚለው በጋራዦች የተለመደ አስተሳሰብ ብዙ ታፕ አስሰብሯል። ሙሉ ቁመት ያለው ጥርስና ከሙሉው ቁመት ሦስት አራተኛ ያህል የሆነ ጥርስ በጥንካሬ ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ታፑን ለማዞር በሚጠይቁት ጉልበት ግን እጅግ ይራራቃሉ። በጥቂት አስርዮሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ለሠራተኛውም ለታፑም የተሻለ ነው።

ያም ሆኖ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ወደ 12 ከመሄድ ይልቅ በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ለብሎኑ አዲስ ጥርስ በሚሆን የሽቦ ጥቅልል፣ ማለትም በሄሊኮይል መጠገንን እመርጣለሁ። ወደ 12 ከተሄደ የዲናሞው መያዣ ቀዳዳም መስፋት ይኖርበታል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የሞተር አካል ይሳሳል፤ ነገ መኪናውን የሚፈታው ሌላ ባለሙያም የማያውቀው ብሎን ያጋጥመዋል። በሄሊኮይል ግን የቀድሞው የ10 ብሎን በቀድሞው ቦታ ይመለሳል። ለ10 በ1.25 ሄሊኮይል የሚያስፈልገው ቀዳዳ 10.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚገዙት ስብስብ ላይ የተጻፈውን ልክ ይከተሉ። አብሮ የሚመጣው ታፕ ልዩ ነው፤ በተራ የ10 ታፕ ሊተካ አይችልም፤ የሚያወጣው ጥርስ ጥቅልሉን ከውጭ የሚይዝ በመሆኑ ከብሎኑ የሰፋ ነውና።

አሠራሩን በዝርዝር እናስረዳ። ቀዳዳው አስቀድሞ ስላለ ፑንታው አሮጌውን ቀዳዳ ተከትሎ ይሄዳል። ከ10 ወደ 10.3 ሲሰፋ ግን የሚቆረጠው ብረት እጅግ ቀጭን ስለሆነ ፑንታው ነክሶ እንዳይጎትት ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) በዝግታ ማሽከርከርና ወደ ፊት በልክ መግፋት ያስፈልጋል። ትራፓኖው ቀጥ ብሎ መቆሙን አንድ ሰው ከጎን፣ ሌላ ሰው ከፊት ሆኖ በስኳድራ (በቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያ) ቢያይልዎት መልካም ነው። ሁለት ሰው ከሌለ በቆመ ትራፓኖ አስቀድሞ ቀጥ ተደርጎ የተበሳ የብረት ቁራጭ ቀዳዳው ላይ አስጠግቶ እንደ መሪ መጠቀም ይቻላል። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በኮምፕሬሰር አየር ይጸዳል፤ በዚህ ጊዜ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። ከዚያ ጥቅልሉ በማስገቢያው ላይ ሆኖ ሳይገፋ ብቻውን እየዞረ እንዲገባ ይደረጋል። የላይኛው ጫፍ ከቀዳዳው አፍ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከአፉ እኩል ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ጥቅልሉን ወደ ላይ ይጎትተዋል። በመጨረሻም ከታች ያለችው የማዞሪያ ምላስ በቀጭን ዘንግ አንድ ጊዜ ጠንከር ተደርጋ ተመትታ ትሰበራለች። ምላሷን ከቀዳዳው ውስጥ በማግኔት ፈልጎ ማውጣት ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ጥቅልሉ የሚሠራው ከማይዝግ ብረት ስለሆነ ማግኔት በደንብ አይስበውም። ቀዳዳው ወደ ዘይት ወይም ወደ ሲሊንደር የሚከፈት ከሆነ ምላሷን አስቀድሞ በግራሶ ማስያዝ ወይም በረጅም ቀጭን ፒንሳ ማውጣት የግድ ነው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ነኝ። በልምምድ ላይ ሳለሁ የ6 ታፕ በብረት ውስጥ ተሰበረብኝ። በስብስቡ ውስጥ ሦስት ታፖች ለምን ይኖራሉ? አሠልጣኛችን ጊዛ (ካስት አይረን) ላይ ዘይት እንዳናደርግ፣ ብረት ላይ ግን እንድናደርግ ይነግረናል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? የተሰበረውንስ እንዴት ላውጣው?

መልስ፦ የ6 ታፕ ቀጭን ስለሆነ ስህተትን አይታገስም። ለ6 ብሎን የጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ትክክለኛው ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ፑንታው ሲሳል ወጥነት ከጎደለው ቀዳዳው ከልኩ ሊሰፋ ይችላል፤ በተቃራኒው በ5 ፋንታ 4.8 ፑንታ ከተጠቀሙ ታፑ ከመጀመሪያው ይጨነቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የቀዳዳውን ልክ በካሊፐር ያረጋግጡ።

ሦስቱን ታፖች በተመለከተ እጀታው አጠገብ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። በጀርመን ደረጃ በተሠሩ የእጅ ታፖች የመጀመሪያው አንድ ቀለበት፣ ሁለተኛው ሁለት ቀለበት ይኖረዋል፤ ሦስተኛው ቀለበት የለውም። የመጀመሪያው የጥርሱን ከፊል ብቻ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ያሳድገዋል፤ ሦስተኛው ሙሉ ልኩን ይሰጠዋል። እነዚህ በተራ ካልገቡ የሚጎድል ነገር አለ፦ በመጀመሪያው ብቻ ያለቀ ቀዳዳ ብሎን አይቀበልም፤ በሦስተኛው ብቻ የተጀመረ ደግሞ ሥራውን ሁሉ በአንድ ታፕ ላይ ስለሚጭነው ለመሰበር ቅርብ ነው። በሌላ ዓይነት ስብስብ ሦስቱም ሙሉ ልክ ይኖራቸውና የሚለያዩት በጫፋቸው ሹልነት ብቻ ነው፤ ጫፉ ረጅም ሹል የሆነው ለመጀመር፣ ጫፉ ድፍን የሆነው ታችኛው በተዘጋ ቀዳዳ እስከ ወለሉ ድረስ ጥርስ ለማድረስ ያገለግላል። የያዙት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ቀለበቱን አይተው ይለዩ።

ታፑ ሲጀምር ቀጥ ማለቱ ሁሉንም ይወስናል። አንድ ወይም ሁለት ዙር ከገባ በኋላ እጀታውን አውልቀው ስኳድራን ከታፑ ጎን በሁለት አቅጣጫ ያቁሙና ይመልከቱ፤ በዚያ ደረጃ ዝንባሌውን ማስተካከል ይቻላል፤ ከአራት ዙር በኋላ ግን ለማስተካከል የሚደረገው ግፊት ታፑን ይሰብረዋል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲመልሱ በእጅዎ ላይ አንድ ትንሽ ቀጭ የሚል ስሜት ይሰማዎታል፤ ፍቅፋቂው የሚቆረጠው ያኔ ነው። ያን ስሜት ሳያገኙ ወደ ፊት መቀጠል ፍቅፋቂው በታፑ ቦይ ውስጥ እንዲጨናነቅ ያደርጋል። ጎኑ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው የማሽን ታፕ ግን ፍቅፋቂውን ራሱ ስለሚያወጣ እንዲህ መመለስ አያስፈልገውም።

አሠልጣኝዎ ስለ ዘይት የነገርዎት ትክክል ነው። በካስት አይረን ወይም በጊዛ ውስጥ በቅጠል መልክ የተበተነ ግራፋይት አለ፤ ይህ ራሱ ያለሰልሳል፤ ፍቅፋቂውም እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ዘይት ሲጨመርበት ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ በታፑ ቦይ ይለጠፋል፤ የታፑንም ስለት ያደነዝዛል። በብረት ግን ፍቅፋቂው ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ያለ ዘይት ይፋጫል፤ ከታፑ ጋርም ይጣበቃል። ለዚህ የሚሻለው ለመቁረጥ ተብሎ የተሠራው ዘይት ነው፤ ከጠፋ የሞተር ዘይትም ከባዶ ይሻላል። አሉሚኒየም ደግሞ በስለቱ ላይ የመለጠፍ ጠባይ ስላለው ነጭ ጋዝ ይስማማዋል።

ፍጥነቱም እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። በተለመደው የሃይ ስፒድ ስቲል ፑንታ ጊዛን በደቂቃ በ20 ሜትር ያህል፣ አሉሚኒየምን በ60 ሜትርና ከዚያ በላይ መቁረጥ ይቻላል። ለ8 ብሎን የሚያስፈልገውን 6.8 ፑንታ ብንወስድ ይህ በጊዛ በደቂቃ 940 ዙር ያህል፣ በአሉሚኒየም 2,800 ዙር ያህል ይሆናል። በጊዛ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሠራ ሰው ፑንታው ሲጨስና ጫፉ ሲጠቁር ያያል፤ ያ ፑንታ ጥንካሬውን ስላጣ እንደገና እስከ ጤናማው ብረት ድረስ መሳል አለበት።

ስለ ተሰበረው ታፕ ያለን ምክር አጭር ነው። በተራ ፑንታ ለመብሳት አይሞክሩ፤ ታፑ እንደ ፑንታው የጠነከረ ስለሆነ ፑንታው ይንሸራተትና አጠገቡ ያለውን ለስላሳ ብረት ይበላል። ጫፉ ከወጣ በፒንሳ፣ ካልወጣ ጣቶቹ በታፑ ቦዮች ውስጥ በሚገቡ ማውጫ በትንሽ በትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያነቃነቁ ይሞክሩ። ካልሆነ ታፑ ተሰባሪ በመሆኑ በጠንካራ ጠባብ መምቻ ከፋፍሎ ስብርባሪውን መልቀም ይቻላል፤ ዓይንን መሸፈን ግን አይረሳ። ዋጋ ባለው የሞተር አካል ላይ ከሆነ ጊዜ ሳያባክኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ወዳለው የማሽን ወርክሾፕ መውሰድ ይሻላል። በልምምድ ቁራጭ ላይ ግን ቁራጩን መጣል አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። የኮሮላዬን ካንዴላዎች ራሴ ስለውጥ አንደኛው ጠምሞ ገባና የቀዳዳውን ጥርስ አበላሸው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን ሳላወርድ ልጠግነው እችላለሁን?

መልስ፦ የጉዳቱ መጠን ይወስነዋል። ላይኛዎቹ ሁለት ሦስት ጥርሶች ብቻ ከተጣመሙ ቴስታታውን ሳያወርዱ ማስተካከል ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብረት የሚቆርጥ ታፕ ሳይሆን ጥርስ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱ ታፕ ብረት ሲያስወግድ ይህኛው የተጣመመውን ወደ ቦታው የሚመልስ መሆኑ ነው። የካንዴላው ጥርስ በአብዛኛው 14 በ1.25 ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ካለው ካንዴላ ላይ ያረጋግጡ። በመሣሪያው ቦዮች ውስጥ ወፍራም ግራሶ ይሙሉ፤ በየሁለት ዙሩ ያውጡትና ከግራሶው ጋር የተያዘውን ፍቅፋቂ ጠርገው እንደገና ግራሶ ይሙሉ። መሣሪያው ወደ ውስጥ አልፎ ፒስቶኑን እንዳይነካ ሞተሩን በእጅ አዙረው ፒስቶኑን ዝቅ ያድርጉት። ሲጨርሱ ቀጭን ቱቦ በመምጠጫ ማሽን ላይ አድርገው የሲሊንደሩን ውስጥ ይምጠጡ።

ጥርሱ ከግማሽ በላይ ከሄደ ግን ቴስታታው ይውረድ። የጉልበት ዋጋው እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሲሊንደር ውስጥ የገባ የብረት ቁራጭ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቢጭር የሚመጣው ወጪ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በዚያም ላይ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳው ከካንዴላው መቀመጫ ጋር ፍጹም ቀጥ ባለ መስመር ላይ መሆን አለበት፤ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በእጅ ትራፓኖ ይህን ማሳካት አስቸጋሪ ነው። ለካንዴላ ከሽቦ ጥቅልል ይልቅ አንገት ያለው ድፍን እጅጌ ቢገባ እንመርጣለን፤ ከካንዴላው ወደ ቴስታታው የሚተላለፈውን ሙቀት በተሻለ ያስተላልፋል፣ ካንዴላው ሲፈታም አብሮት አይወጣም።

ለወደፊቱ ካንዴላ የሚገባው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በካንዴላው ራስ ላይ አንድ ጣት የሚያህል የጎማ ቱቦ ያድርጉና በቱቦው ይጀምሩት፤ ጥርሱ ጠምሞ ከገባ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም፤ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው የቶርክ ቁልፍ ቢሆን ግን ይህን አይነግርዎትም። የማጥበቂያው ልክ በመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ነው። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ ጠፍጣፋ ማሸጊያ ቀለበት ያለው አዲስ የ14 ካንዴላ በእጅ ከተቀመጠ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጠብቃል፤ ያገለገለ ግን ቀለበቱ አስቀድሞ ስለተጨመቀ የአንድ ዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ብቻ ይበቃዋል። በጥርሱ ላይ የሚቀባ ማላላሻ መጠቀም ብዙዎች የለመዱት ቢሆንም እንደ ኤን ጂ ኬ ያሉ አምራቾች በተለበጡ ካንዴላዎቻቸው ላይ አይመክሩትም፤ ፍትጊያውን ስለሚቀንስ ቁልፉ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ካንዴላው ከመጠን በላይ ይጠብቃልና።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀይረን ብሎኖቹን ስናጠብቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ በኋላም ከሞተሩ አካል ጎን ቀጭን ስንጥቅ አየን። ብሎኖቹን ከልኩ በላይ አላጠበቅንም። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ስንጥቁ በአንድ የብሎን ቀዳዳ አጠገብ ከሆነ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው በቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ወይም ውሃ ነው። ቴስታታው ሲወርድ የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ ታችኛው በተዘጋ የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ይፈስሳል። ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ ያጣል፤ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። በ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ 80 ኒውተን ሜትር ያህል ማጥበቅ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ የመጎተት ኃይል ይፈጥራል። ያ ኃይል በጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ግፊት ለጊዛ ከባድ ነው፤ ጊዛ ሲጨመቅ ጠንካራ ቢሆንም ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጠር በቀላሉ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ባይሰነጠቅ እንኳ ብሎኑ ታች ያለውን ፈሳሽ እየገፋ ስለሚቆም ቶርክ ቁልፉ ልኩን ያሳያል፤ ቴስታታው ግን በትክክል አልተያዘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጓርኒሲዮኑ እንደገና የሚያፈስስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ከመገጣጠሙ በፊት እያንዳንዱ ቀዳዳ በቀጭን ቱቦ በሲሪንጅ ይመጠጣል፣ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ዘንግ እስከ ወለሉ ድረስ ገብቶ ደርቆ መውጣቱ ይታያል። በቀዳዳው ውስጥ የቆየ ዝገትና ጥላሸት ካለ ጥርስ በሚያስተካክል መሣሪያ ይጸዳ እንጂ ስለታም ታፕ አይግባበት። ታፕ ጤናማውንም ጥርስ በጥቂቱ ስለሚቆርጥ ብሎኑ የሚይዝበት ብረት ይቀንሳል፤ በቴስታታ ብሎን ላይ ይህን ማጣት አይገባም። ብሎኖቹንም ራሳቸውን ይመልከቱ፤ ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች አንድ ጊዜ እየተለጠጡ የሚጠብቁ ብሎኖች አሏቸው፤ አንገታቸው ቀጥኖ ወይም ርዝመታቸው ከመመሪያው ልክ አልፎ ከሆነ መመለስ የለባቸውም።

አሁን ለተፈጠረው ስንጥቅ፣ የሚያልፈው ወደ ውሃ መሄጃ ከሆነና የብሎኑን ጥርስ ካልከፈለው በጊዛ ላይ የሰለጠነ በያጅ ወይም የብረት ስፌት የሚያውቅ የማሽን ወርክሾፕ ሊያየው ይችላል። ስንጥቁ ጥርሱን ከላይ እስከ ታች ከከፈለው ግን ያ ቀዳዳ ዳግመኛ ቴስታታን አይዝም ብለን እናምናለን፤ አካሉን መለወጥ ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ ከአርሲ ነኝ። አሮጌ የማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር አለኝ። በሞተሩ ሽፋን ላይ ያለ ብሎን ተበላሽቶ የ8 ብሎን ላስገባበት ስሞክር ትንሽ ገብቶ ይጠብቃል። የ8 ታፕ ላስገባበትን?

መልስ፦ አያስገቡ። በእንግሊዝ የተሠሩት አሮጌዎቹ የማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች፣ በፐርኪንስ ሞተር የሚሠሩትም ጭምር፣ በአብዛኛው በኢንች ልክ የተሠሩ ብሎኖች ናቸው ያሏቸው። እርስዎ 8 ሚሊ ሜትር ያሉት ምናልባት አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ይሆናል፤ ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከ8 አይለይም። ሻካራው፣ ማለትም ርቀቱ ሰፊ የሆነው ጥርስ ግን በአንድ ኢንች 18 ጥርስ አለው፤ ይህም በጥርስ መካከል 1.41 ሚሊ ሜትር ርቀት ማለት ነው፤ የእርስዎ የ8 ብሎን ያለው ደግሞ 1.25 ነው። የጥርሱ ማዕዘን ሁለቱም 60 ዲግሪ በመሆኑ መመሳሰላቸው ያሳስታል፤ የ8 ታፕ ቢገባበት ጥርሱን አቋርጦ ይቆርጠዋል።

አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ ይህን የኢንች ጥርስ አንድ ዓይነት ለማድረግ በ1948 ተስማምተዋል። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ የሚገኘው ሻካራና ደቃቅ ጥርስ የዚያ ደረጃ ነው። ለሻካራው አምስት አሥራ ስድስተኛ ታፕ የሚስማማው ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የዊትወርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ስለሆነ ለሁለቱም አይሆንም፤ የቧንቧ ማያያዣዎች ላይ ግን እስካሁን ይገኛል። ስለዚህ የዘይትና የነዳጅ ቧንቧ የሚያያዝበትን ቀዳዳ ከብሎን ቀዳዳዎቹ ለይተው፣ የተፈታውን ማያያዣ ይዘው ሄደው በጥርስ መለኪያ አስለክተው ብቻ ይግዙ።